ብቻን ከመርከብ ወርዶ ጥንታዊ ቅርስ መጎብኘት፦ አምስት የሜድትራንያን መዳረሻዎች ሲነጻጸሩ

በሜድትራንያን ባሕር የሚዞር የመዝናኛ መርከብ በአንድ ሳምንት ጉዞ ተሳፋሪውን ከሦስትና ከአራት ጥንታዊ ከተሞች ደጃፍ ያደርሰዋል፤ በየወደቡ የሚቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የመርከቡን የተደራጀ ጉብኝት ትቶ ብቻውን ለመውረድ የሚያስብ ሰው ምርጫውን በቅርሱ ዝና ሲጀምር ይታያል፤ ፒራሚድ ከሁሉ ይበልጣል፣ ኮሎሲየምን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል፣ እያለ ይደረድራል። በእኔ አስተያየት ብቸኛ ተጓዥ አስቀድሞ ሊመዝነው የሚገባው የመመለሻውን መንገድ ነው። ከቅርሱ ወደ ወደቡ የሚያደርሰው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነና ያም መንገድ ቢዘጋ ሌላ ከሌለ፣ ቅርሱ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን ለብቻ የሚሄዱበት አይደለም። ከዚህ በታች አቴናን፣ ኤፌሶንን፣ ሮምን፣ የኔፕልስን አካባቢና ጊዛን በዚህ ሚዛን አነጻጽራለሁ።

ሚዛኑ ከመርከቦች አሠራር የመነጨ ነው። መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የሄደ ቡድን አውቶቡሱ ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋበት፣ መርከቡ እንደ ልማዱ ቡድኑን ይጠብቃል፤ መጠበቅ ባይችል እንኳ ወደሚቀጥለው ወደብ የሚያደርስበትን መንገድ ራሱ ያመቻቻል። በግሉ ወጥቶ የዘገየን ሰው ግን መርከቡ ትቶት ይሄዳል። ተጓዡ ወደ ቀጣዩ ወደብ በራሱ ወጪ፣ በአውሮፕላንም ይሁን በባቡር፣ ተከትሎ መድረስ ይኖርበታል። ሁለት ሆነው የወረዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባቸው አንዱ ስልክ ሲደውል ሌላው ትኬት ይፈልጋል፤ ብቻውን የወረደ ሰው ግን ሁሉንም ራሱ ማድረግ አለበት፤ ከዚያም በላይ በመርከቡ ላይ አለመመለሱን አስተውሎ የሚጠይቅለት ጓደኛ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የወጪ ስሌት ነው። የመርከቡ ጉብኝት በነፍስ ወከፍ ስለሚከፈልበት ብቻን መሆን አያስወድደውም። ባቡር፣ ሜትሮና የሕዝብ ሚኒባስም እንዲሁ በነፍስ ወከፍ ናቸው፤ እጅግም ርካሽ ናቸው። ታክሲና በግል የሚከራይ መኪና ግን ዋጋቸው በመኪናው ስለሆነ አራት ሰዎች የሚካፈሉትን ሒሳብ ብቸኛው ተጓዥ ለብቻው ይከፍላል። ለጥንዶች መካከለኛ አማራጭ የሆነው ታክሲ ለአንድ ሰው ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል። በዋዜማው እራት ላይ ወይም በመውረጃው ድልድይ አጠገብ ወደዚያው ስፍራ የሚሄዱ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ጠይቆ መኪና መጋራት ይህን ያቃልለዋል፤ ነገር ግን የተጋሩት ሰዎች ጊዜ አጠቃቀም የራስ ይሆናል ማለት ነውና ሰዎቹን መምረጥ ያስፈልጋል።

ጊዜውን ለማስላት የመድረሻ ሰዓቱን ሳይሆን የመሳፈሪያ መዝጊያውን ሰዓት መነሻ ማድረግ ይሻላል፤ ይህም መርከቡ ከሚነሣበት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የሚቀድም ነው። መርከቡ 7:00 ላይ ደርሶ መሳፈሪያው 17:30 ላይ ቢዘጋ በወረቀት ላይ ያለው ዐሥር ሰዓት ተኩል ነው። የወደቡ ባለሥልጣናት ፈቃድ እስኪሰጡና ሰልፉ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ይቀነሳል፤ ለመመለሻ መጠባበቂያ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ መያዝ አይገባም። የቀረው ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚህ ላይ የደርሶ መልስ መንገዱ ተቀንሶ በቅርሱ ስፍራ ሦስት ሙሉ ሰዓት ካልተረፈ፣ ለብቻ መሄዱ ድካም ብቻ ይሆናል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚመለከት ማሳሰቢያ አለ። የመርከቡ ወረቀት፣ የባቡር ጣቢያው ሰሌዳና የመግቢያ ትኬቱ ሁሉ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋሉ፤ በልብ ወደ እኛ አቆጣጠር እየለወጡ መሄድ በድካም ሰዓት የሚያሳስት በመሆኑ ለዚያ ቀን ብቻ ሰዓቱን እነርሱ እንደጻፉት ማሰብ ይሻላል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ መርከቦች አገር ሲለወጥ የራሳቸውን ሰዓት ሳይለውጡ ይቆያሉ፤ ስልክ ግን ወዲያው ከየብሱ ሰዓት ጋር ይስተካከላል። መሳፈሪያው የሚዘጋው በመርከቡ ሰዓት መሆኑን ከመውረድ በፊት ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

በዚህ ሁሉ ሚዛን ለጀማሪ ብቸኛ ተጓዥ የመጀመሪያ ምርጫዬ አቴና ነው። ከፒሬየስ ወደብ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች እስካሉበት ኮረብታ፣ እስከ አክሮፖሊስ፣ ያለው ርቀት ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሜትሮው አንደኛ መስመር ከፒሬየስ ተነሥቶ በሃያ ደቂቃ ያህል ሞናስቲራኪ ያደርሳል፤ ከዚያ በእግር ወደ ኮረብታው ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሦስተኛው መስመርም እስከ ፒሬየስ ስለተዘረጋ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው አለ፤ ሁለቱም ቢቋረጡ አውቶቡስና ታክሲ አለ፤ ታክሲም ቢሆን መንገዱ አጭር ስለሆነ አያከስርም። አቴናን ከሌሎቹ የሚለያት ይህ የመንገድ ብዛት ነው። ሰፊው ወደብ ግን ያሳስታል፤ አንዳንዶቹ የመርከብ ማረፊያዎች ከሜትሮ ጣቢያው ግማሽ ሰዓት የሚደርስ የእግር መንገድ ይርቃሉ፤ ይህንንም ከስሌቱ ማስገባት ያስፈልጋል። በአንደኛው መስመር ባቡር ውስጥ ደግሞ ኪስ አውላቂዎች የታወቁ ናቸው፤ ቦርሳን ከፊት ማንገት ይበቃል።

አክሮፖሊስ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሰዓት በተከፋፈለ ትኬት ይጎበኛል፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥርም በ20 ሺህ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የመግቢያው ዋጋ 30 ዩሮ ነው። ትኬቱን አስቀድሞ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ከመርከቡ የሚወርድበትን ሰዓት በትክክል ስለማያውቅ፣ ከመድረሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የዘገየ ሰዓት ቢመርጥ ይሻለዋል። በኮረብታው ላይ ካለው ታላቅ ቤተ መቅደስ ከፓርተኖን በፊት ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አርዮስፋጎስ የተባለው ዐለት አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች ስለማይታወቀው አምላክ ከተናገረው ቃል ጋር ስሙ ለዘላለም የተያያዘ ስለሆነ፣ ያለ ትኬት የሚወጣበትን ይህን ዐለት መዝለል አይገባም። ፓርተኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ድረስ የተሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ መልኩን ያገኘው በዋናነት እ.ኤ.አ. በ1687 የቬኒስ ጦር በተኮሰው ጥይት በውስጡ የተከማቸው የቱርኮች ባሩድ ሲፈነዳ ነው። የእብነ በረዱ መሬት በእግር ብዛት ለስልሶ የሚያንሸራትት ስለሆነ፣ ደግፎ የሚይዘው ጓደኛ የሌለው ሰው ጥሩ ጫማ ሊያደርግ ይገባዋል። የበጋው ሙቀት ሲያይል ስፍራው ከቀትር በኋላ ለሰዓታት ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023ና በ2024 በጋ ይህ ደርሷል። እንዲህ ባለ ቀን ከኮረብታው ሥር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም ጥሩ መጠጊያ ነው።

ኤፌሶን ከአቴና ጋር ሲነጻጸር በርቀት ያን ያህል አይለይም፤ ከቱርክ ኩሻዳሲ ወደብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ያለው በመጓጓዣው ዓይነት ነው። ከኩሻዳሲ ወደ ሴልቹክ ከተማ የሚመላለሱት ዶልሙሽ የሚባሉ ሚኒባሶች በኤፌሶን መታጠፊያ ላይ ያወርዳሉ፤ ከዚያ እስከ ታችኛው በር ድረስ በእግር ይኬዳል። ሚኒባሶቹ ተደጋግመው የሚያልፉ ናቸው፤ ሆኖም በመመለሻ ሰዓት የሞላ መኪና ሳይቆም ሊያልፍ ስለሚችል መታጠፊያው ላይ ቆሞ መጠበቅ የትዕግሥት ፈተና ነው። መንገዱ አጭር በመሆኑ ግን የሚጠፋው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ቢከፋም ታክሲ ይገኛል። ለዚህ ነው ኤፌሶንን ለብቻ ለመጎብኘት አስተማማኝ ከሆኑት መካከል የምቆጥራት። ለሚኒባሱ ጥቂት የቱርክ ሊራ በጥሬ ገንዘብ መያዝ ይገባል።

የከተማዪቱ አቀማመጥ ደግሞ ብቸኛውን ተጓዥ የሚነካ አንድ ባሕርይ አለው። ኤፌሶን ሁለት በሮች አሏት፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች፤ ዋናው ጎዳናም በመካከላቸው ቁልቁል ይወርዳል። በመርከቡ አውቶቡስ የሚመጡት ከላይ ወርደው ከታች ይሳፈራሉ፤ በሚኒባስ የመጣው ግን ከታች ገብቶ ዳገቱን ይወጣና ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ይህ ጉዳት የሚመስለውን ያህል አይደለም። ጠዋት ቡድኖቹ ገና ከላይ ሲጀምሩ እርሱ ከታች ባለው ታላቁ ቲያትር ለብቻው ሊቆም ይችላል፤ ሲመለስም ሌላ ጊዜ ያላስተዋለውን ያያል። ቲያትሩ 24 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ ብር ሠሪው ድሜጥሮስ በጳውሎስ ላይ ያስነሣው ሕዝብ ሁለት ሰዓት ያህል የአርጤምስን ስም እየጠራ የጮኸበት ነው። በሮማዊው ባለሥልጣን በሴልሰስ ስም የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኦስትሪያ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከተበታተነው ድንጋይ ተለቅሞ እንደገና የቆመ ነው፤ በሥሩም ሴልሰስ ራሱ የተቀበረበት ክፍል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ431 የተካሄደው ሦስተኛው ጉባኤ የተቀመጠባት የእመቤታችን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ደግሞ ከታችኛው በር አጠገብ ናት። ቡድኖች በጥድፊያ የሚያልፏት ይህች ስፍራ፣ ስለ ኤፌሶን ጉባኤ ሲሰማ ላደገ አንባቢ ከቤተ መጻሕፍቱ ይልቅ ልብ ልትነካ ትችላለች፤ ብቻን የመሄድ ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል፤ የፈለጉትን ያህል ለመቆም ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ከነበረው የአርጤምስ ቤተ መቅደስ የቀረው ግን በሴልቹክ ዳር ተቀጣጥሎ የቆመ አንድ ዓምድ ብቻ ነውና ለእርሱ ብሎ ጊዜ ማባከን አይመከርም።

የሮም ጉዳይ የሚያከራክር ነው። መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከሮም 70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከመርከቡ እስከ ወደቡ በር በአውቶቡስ፣ ከበሩ እስከ ባቡር ጣቢያው በሌላ አውቶቡስ ወይም በእግር፣ ከዚያ በክልል ባቡር እስከ ተርሚኒ ጣቢያ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከተርሚኒ በሜትሮ ሁለት ፌርማታ እስከ ኮሎሲየም ይኬዳል። ሁሉም በየራሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአራቱም ጥበቃ ሲደመር በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ባሰላነው የስምንት ሰዓት ቀን በኮሎሲየም የሚተርፈው ልክ ሦስት ሰዓት ነው፤ ይኸውም ሁሉ ነገር ከተሳካ ነው። የክልል ባቡር የወረቀት ትኬትን ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ማሽን ማስመታት ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ መንገደኛ ቅጣት ይከፍላል።

በጣሊያን የባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ አስቀድሞም ይነገራል። በአድማ ቀን ሕጉ የሚያስገድደው የክልል ባቡር አገልግሎት በሥራ ቀናት ከ6:00 እስከ 9:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 ያለው ነው። የጠዋቱ ሰዓት ተጓዡን ሮም ያደርሰዋል፤ የማታው ግን መሳፈሪያው ከተዘጋ በኋላ ስለሚጀምር አይመልሰውም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት አድማ መጠራቱን የሰማ ሰው ሮምን ለብቻው ከመሞከር የመርከቡን አውቶቡስ ቢይዝ ወይም እዚያው ቺቪታቬኪያ ቢውል ይሻለዋል። የኮሎሲየም ትኬት በስም የሚሰጥና ሰዓት የተወሰነለት ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ግድ ነው፤ መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ፎረም የሚባለውን የጥንቷን ሮም አደባባይና የፓላታይን ኮረብታንም ይጨምራል። በሦስት ሰዓት ሦስቱንም ለማዳረስ የሚሞክር ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳልና ኮሎሲየምና ፎረም ይበቃሉ። ጊዜ ከተረፈው ደግሞ በቅርብ ርቀት ወደሚገኘው የፖርታ ካፔና አደባባይ መሄድ ይችላል፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ እስኪነቀል የቆመው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አክሱም ስለተመለሰ ዛሬ የሚታይ ሐውልት የለም፤ የቆመበትን ቦታ ማየት ግን ለእኛ ከብዙ ዓምድ የሚበልጥ ትርጉም አለው።

ኔፕልስ ላይ ምርጫው በሁለት ቅርሶች መካከል ነው። እሳተ ገሞራው ቬሱቪየስ እ.ኤ.አ. በ79 ሲፈነዳ የቀበራቸው ፖምፔና ሄርኩላኒየም በአንድ የባቡር መስመር ላይ ይገኛሉ፤ መስመሩ ቺርኩምቬሱቪያና ይባላል። ከወደቡ አጠገብ ካለው ሙኒቺፒዮ ጣቢያ በሜትሮ ጋሪባልዲ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ሶሬንቶ በሚሄደው ባቡር ኤርኮላኖ ስካቪ ሃያ ደቂቃ፣ ፖምፔ ስካቪ ደግሞ ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ ደቂቃ ያህል ይርቃሉ። ባቡሩ ያረጀ፣ የሚጨናነቅና የሚዘገይ ነው፤ እንደ ሮሙ ግን ሩቅ ስላልሆነ በጭንቅ ጊዜ ታክሲ ይታደጋል።

አብዛኛው ሰው ፖምፔን ይመርጣል፤ እኔ ለብቸኛ የመርከብ ተጓዥ ሄርኩላኒየምን አስቀድማለሁ። ፖምፔ 66 ሔክታር የሚሸፍን ከተማ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ያህል ተቆፍሯል፤ ጥላ እምብዛም የለውም፤ ያለ አስጎብኚ የገባ ሰው በሚመሳሰሉ ጎዳናዎች ውስጥ ሰዓቱን ሊያባክን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮም የቀን ጎብኚ በ20 ሺህ ተወስኖ ትኬቱ በስም ሆኗል። ሄርኩላኒየም ትንሽ ስለሆነች በሁለት ሰዓት ተኩል ትዳረሳለች፤ ከጣቢያው በር ቁልቁል የሚወስደው ቀጥ ያለ ጎዳናም አያሳስትም። የቀበራት እሳተ ገሞራዊ ዝቃጭ በጣም ጥልቅ ስለነበር ፎቆች፣ ከሰል የሆኑ የእንጨት በሮችና አልጋዎች ሳይቀሩ ተርፈዋል። በጥንቱ የባሕር ዳርቻ በጀልባ ማስቀመጫዎቹ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የሦስት መቶ ያህል ሰዎች አፅም ተገኝቷል፤ በባሕር ለመዳን መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ፖምፔን የግድ ማየት የሚፈልግ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን ለማጣመር መሞከር የለበትም፤ ፎረሙንና ከጣቢያው አቅራቢያ ያለውን የምሥጢራት ቪላ መርጦ ቢጎበኝ ይበቃዋል።

ስለ ጊዛ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከእስክንድርያ ወደብ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በመኪና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ቀኑ የሚያልቀው በመንገድ ነው። የግል መኪና ለአንድ ሰው ውድ ነው፤ በካይሮ የሚያጋጥመው የመንገድ መጨናነቅም ሊገመት አይችልም። በስፍራው ግመልና ፈረስ የሚያከራዩት ሰዎች ደግሞ ከቡድን ይልቅ ብቻውን የቆመውን ሰው ይከብባሉ። የኩፉ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረውና ከሰባቱ ድንቆች ብቻውን ቆሞ የቀረ ስለሆነ መታየት ይገባዋል፤ መንገዱ ግን የመርከቡ ጉብኝት መሆን አለበት። ለአንድ ሙሉ ጉዞ አንድ የመርከብ ጉብኝት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያውል ተገቢ ነው።

የጉዞ ሰነድ ጉዳይም የወደቡን ምርጫ ሊወስን ይችላል። ግሪክና ጣሊያን ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ፣ ቱርክና ግብፅ ከሸንገን ውጭ ናቸው። ቪዛ የሚጠየቅበት ፓስፖርት የያዘ ሰው መርከቡ ከጣሊያን ተነሥቶ በኩሻዳሲ አልፎ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ አይበቃውም፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ያስፈልገዋል። የቱርክና የግብፅ ቪዛም በየራሱ መጣራት ያለበት ከመነሻው በፊት ነው። አንዳንድ መርከቦች የተሳፋሪውን ፓስፖርት በጉዞው ወቅት ራሳቸው ስለሚይዙ፣ ብቻውን የሚወርድ ሰው የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ፣ የመርከቡን ካርድና አንድ ተጨማሪ የባንክ ካርድ ከዋናው ቦርሳ ለይቶ በሌላ ኪስ ይያዝ። በየዕለቱ ከሚታደለው የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ ቁጥርና የማረፊያው ትክክለኛ ስም ይገኛል፤ ያንን ገጽ ከመውረድ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ቁጥሩን ደግሞ በወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባል፤ የስልኩ ባትሪ ያለቀበት ሰው ለታክሲ ነጂ ማሳየት የሚችለው ያንን ወረቀት ብቻ ነው።